ሳህኑ የማን ነው

ምንያህል ቁጭ ብሎ አያውቅም። ጉባኤው ለጸሎት ሲነሳ እሱ ቀድሞ ቆሟል፤ ጉባኤው ሲቀመጥ እሱ በሩ አጠገብ ጉንዳን እንደወረረው ሰው አንዱን እግሩን አንስቶ ሌላውን ይጥላል። አንድ እሁድ «ወንበሩ እኮ በነጻ ነው» ብዬ ቀለድኩበት። «ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን የሚውል ሰው ከተቀመጠ ወገቡ ይታሰራል» አለኝ። አመንኩት። ምሳ ሲቀርብ «ሺሽት አለኝ» እያለ ሹልክ ሲልም፣ ፈረቃው ሁልጊዜ እሁድ ላይ የሚወድቅበት ዕድለ ቢስ ነው ብዬ አዘንኩለት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ጉርሻ ከእኛ ጋር አለመጉረሱን ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ዶርቃ እባላለሁ። እዚህ ጀርመን፣ ሪድበርግ በሚባል ሰፈር ባለ የአረጋውያን ቤት እሠራለሁ፤ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ታዳጊዎችን አስተምራለሁ። ትዕግሥት ከመንፈስ ፍሬዎች አንዱ መሆኑን ለልጆቹ ስነግራቸው አሥር ዓመቴ ነው፤ ለራሴ ግን ገና አልበሰለልኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በዚህ ታሪክ ካለው ጥፋት ግማሹ የእኔ ችኮላ ስለሆነ ነው።

አዳራሻችን ጉትሎይት ውስጥ፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው፤ ከጀርመኖች ቤተ ክርስቲያን ተከራይተነዋል። በሩ ላይ አሥራ አራት አንቀጽ ያለው የቤት ደንብ ተለጥፏል። ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሕንጻው ተቆጣጣሪ፣ ሀውስማይስተሩ፣ ቁልፉን እያንሿሿ ይመጣል፤ አንድ ሰው የመጨረሻውን አሜን ባይጨርስም መብራቱ ይጠፋል። በውስጥ በኩል ደግሞ የጉባኤው ሽማግሌ ጋሽ ዘገየ አሉ። በደርግ ጊዜ ስለ እምነታቸው አራት ዓመት ታስረዋል፤ ከዚያ የወጣ ሰው ቀልድ አያውቅም። አባል መሆን የሚፈልግ ሰው አሥራ ሁለት ሳምንት ይማራል፤ ይፈርማል፤ ሁለት ጊዜ ካረፈደ ከሀ ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ጉባኤው ፊት ቆሞ የሕይወቱን ምስክርነት ይሰጣል። ጋሽ ዘገየም ወረቀታቸውን ይዘው ጥያቄ ይጠይቁታል። ምንያህል ሁለት ጊዜ ከሀ የጀመረ ሰው ነው። በሦስተኛው ዙር አንድም ቀን አላረፈደም።

ሌላው ደንባችን ያልተጻፈ ነው። እሁድ እያንዳንዷ እህት ከቤቷ ምግብ ይዛ ትመጣለች። ሳህን እንዳይቀላቀል ከግርጌው ላይ ፕላስተር ለጥፋ ስሟን ትጽፍበታለች። በእኛ ጉባኤ ሳህን የጠፋባት ሴት ከምታሰማው እሮሮ የሀውስማይስተሩ ቁጣ ይሻላል።

ፊልም የመሥራቱን ሐሳብ ያመጣብን የልጄ የሚልካ ትምህርት ቤት ነው። ሚልካ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ ስጠይቃት በጀርመንኛ ትመልሳለች። የታሪክ አስተማሪዋ ስለ ናዚ ዘመን አንድ ፊልም አሳይታቸው፣ «እናንተስ ቤት በክፉ ጊዜ ምን ተደረገ? ጠይቃችሁ ኑ» ብላ ላከቻቸው። እኔ ያኔ አልተወለድኩም ብዬ ሸኘኋት። ከሳምንት በኋላ ከክፍል ስትመለስ ተናዳ ነበር። የሁሉም ልጅ ቅድመ አያት ወይ ሰው ደብቋል፣ ወይ ታስሯል፣ ወይ ምንም አላየም። «ቬር ቫር ኤስ ዳን?» አለችኝ፤ ታዲያ ማን ነው ያደረገው ማለቷ ነው። መልስ ሳጣ ሥራ እጀምራለሁ፤ የሩብ ሰዓት ፊልም ጻፍኩ። በቀይ ሽብር ጊዜ በአንድ ቤት ተደብቀው ሲጸልዩ ስለተያዙ ምእመናን የሚናገር ነው፤ የሚሠሩት ልጆቹና ወላጆቻቸው፣ የሚቀረጸው በእኔ ስልክ። ጋሽ ዘገየ አንብበው ሦስት ቦታ ፊደል አርመው ፈቀዱልኝ።

እስረኛ መሆን ያልፈለገ አልነበረም። ዘማሪዎቹ በሙሉ ሰንሰለት ለመታሰር ተሰልፈው ነበር። ጠባቂ የሚሆን ግን ጠፋ። አንዱ «አማቴ ታየዋለች» አለኝ። ሌላው «ቪዲዮው አገር ቤት ይደርሳል» አለ። አንዱማ ስለ ጉዳዩ ልጸልይበት ብሎ ሄዶ እስካሁን አልተመለሰም። ያኔ ምንያህል ትዝ አለኝ። ግዙፍ ነው፣ ዝምተኛ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገና አባል አልሆነምና እምቢ ሊለኝ አይችልም። ይህን አስቤ ነው የመረጥኩት፤ አልክደውም። የማንወደውን ነገር ገና በር ላይ ለቆመ ሰው ማሸከም ልማዳችን ነው።

«ሌላ ሰው ብትፈልጊ» አለኝ።

«ሁለት ቃል ናት፤ ምግቡን ትቀበላለህ፣ ሂጂ ትላለህ፣ አለቀ።»

«እሺ» አለ፤ ከባድ ሻንጣ እንደሰጡት ሰው ትከሻውን አስተካክሎ።

የቀረጽነው እሁድ ከምሳ በኋላ ነው። ሺሽት አለኝ ብሎ የወጣው ምንያህል ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ይህም ቢሆን ምንም አላስጠረጠረኝም፤ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር። ለዘጠኝ ሃያ አምስት ጉዳይ ነው። ሚልካ ነጠላ ተከናንባ ለታሰረ ወንድሟ ምግብ የምታመጣ እህት ሆነች። ከወጥ ቤት የተረፈ እንጀራና አልጫ ያለበት ሳህን አንስቼ እጇ ላይ አደረግኩና ቀጥሉ አልኩ።

ሚልካ ሳህኑን ዘረጋች። ምንያህል አልተቀበላትም። «ቅመሺ» አላት።

ይህ በጽሑፌ የለም። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች፤ ቀጥዪ ብዬ በእጄ አሳየኋት። ቀመሰች። እሱ እንጀራውን በሁለት ጣቱ ሰንጥቆ ጫፍ ጫፉን ጨመቀ፤ ጣቱን በሚልካ ነጠላ ጠርዝ ጠረገ። ከዚያ ሳህኑን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ግርጌውን አየ፤ በጥፍሩ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው። «የማን ነው?» አለ። ራሱ አነበበው። «ሙሉወርቅ። ሳህኑን ነገ።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ በቀለለኝ፤ ሲናገር ግን ሥራው ላይ ያለ ሰው ነበር የሚመስለው።

«አቤት» አለ አንድ ድምፅ ከወጥ ቤት።

እትዬ ሙሉወርቅ እጃቸው ውኃ እያንጠባጠበ ወጡ። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ያነሳሁት ሳህን የእሳቸው ነበር። ሕሩይ የሚባል ወንድማቸው በሰባ ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ውስጥ እንደተገደለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዝርዝሩን ግን ተናግረው አያውቁም። ምንያህል ፊት ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄን ማን አስተማረህ?»

«ፊልም ላይ አይቼ ነው።»

«የቱ ፊልም?»

ምንያህል ሳህኑን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። እትዬ ሙሉወርቅ ሳህናቸውን አጥበው፣ አድርቀው፣ ከቦርሳቸው ከተቱ። ሀውስማይስተሩ መብራቱን አጠፋ።

በዚያ ሳምንት ሚልካ ያንን ቅጂ ደጋግማ ስታየው አገኘኋት። «ማማ፣ ይሄ ሰውዬ እየተወነ አይደለም» አለችኝ በጀርመንኛዋ። ስልኬን ነጠቅኳትና የቤት ሥራሽን ሥሪ አልኳት። የቤት ሥራዋ እሱ ራሱ እንደነበር ቆይቶ ነው የገባኝ።

ሐሙስ ምንያህል ደወለ። ከሥራ ሲወጣ ዌስትሀፈን ጋ ተገናኘን፤ ማይን ወንዝ ዳር ለዳር መሄድ ጀመርን። እኔ ከጧት ጀምሮ ሽማግሌዎች ሳነሳና ሳስተኛ የዋልኩ ሰው፣ እግሬ ተቃጥሎ ሦስት አግዳሚ ወንበር አለፍን። አራተኛው ላይ ልቀመጥ ስል እሱ ገና እየሄደ ነበር። ተከተልኩት። ታሪኩን የነገረኝ ፊቱን ወደ ውኃው አድርጎ፣ ሳያቋርጥ እየተራመደ ነው።

አባቱ ደሴ ውስጥ የአንድ ቀበሌ እስር ቤት ጠባቂ ነበር። ምንያህል ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት በቤታቸው ጠኔ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን አባቱ ሲመሽ በዘንቢል ሳህን ይዞ መግባት ጀመረ። አበባ ያለው ሳህን፣ ክዳን ያለው፣ ጠርዙ የተላጠ። ሽሮው የአንዱ ቤት፣ ቅቅሉ የሌላው። ሳህኖቹ ግርጌ ላይ በጥፍር ቀለም ስም ተጽፎ ነበር። አባቱ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ሳህኑን ይገለብጥና «የማን ነው? አንብብ» ይለው ነበር።

«ፊደል የቆጠርኩት እንደዚያ ነው» አለኝ። «ዘርፈሽዋልን ያነበብኩ ቀን አባቴ በጣም ደስ ብሎት ነበር፤ ረጅም ስም ስለሆነ። እናቴ ታጥባቸዋለች፤ ጧት በሩ ላይ ለቤተሰቡ ይመልስላቸዋል። ባዶ ሳህን ሲያዩ በልቷል ብለው ሌላ ያመጣሉ። ሰውየው ግን የለም፤ ሞቷል።»

«አንተ በምን ታውቃለህ፤ ልጅ ነበርክ።»

«አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ነገረችኝ። እኔ የጠገብነውን ዘመን እያነሳሁ፣ ያኔ እንዴት ጥሩ ነበር እያልኩ አስቸገርኳት፤ አላስችል ሲላት ነገረችኝ።» ጥቂት ሄደና፣ «ከዚያ ወዲህ ስም ከተጻፈበት ሳህን መብላት አልችልም» አለ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኛ ጋ ብቅል አይጠጣም፤ የእሱን ያወጣው የእኔ ፊልም ነው። ደንግጬ ስለነበር የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ምስክርነትህ መቼ ነው?»

«የፊታችን እሁድ።»

«እንግዲያው ይሄን ለማንም አታንሳ። አባል ሁን፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ይታያል። ዝም አይነቅዝም።»

ፊልሙን ለምን እንደጻፍኩት ነግሬው ነበርና፣ «ለልጅሽም እንደዚያ ነው ያልሻት?» አለኝ።

ተናደድኩ። እኔን የሚያናድደኝ እውነት ሲነገረኝ ነው። «እሺ ብትናገር ምን ትሆናለህ? ጋሽ ዘገየ የዘበኛ ልጅ ነኝ ስትላቸው እልል የሚሉ ይመስልሃል? እትዬ ሙሉወርቅስ አጠገብህ የሚቀመጡ ይመስልሃል? አባል መሆን ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። «እኔ የምፈልገው አንድ ቀን ከእናንተ ጋር ተቀምጬ ምሳ መብላት ነው» አለኝ። «ዋሽቼ ከገባሁ ደግሞ እሱን አልችልም።»

ተለያየን። እስከ እሁድ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሥራ ቦታ የአንዷን አሮጊት ክኒን ለሌላዋ ልሰጥ ስል ባልደረባዬ ያዘችኝ። ደውዬ ምክሬን ልመልስ ስልኩን አነሳለሁ፤ አስቀምጠዋለሁ። ብናገርም ባልናገርም የሚጎዳው እሱ ነበር፤ ያንን ሚና የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

እሁድ ዕለት ጋሽ ዘገየ ወረቀታቸውን ዘርግተው ስሙን ጠሩ። ምስክርነት በእኛ ዘንድ መልክ አለው፤ በሱስ ነበርኩ፣ በበሽታ ነበርኩ፣ ጌታ አወጣኝ፤ ጉባኤው እልል ይላል። ምንያህል ፊት ወጥቶ ቆመ። ያ እግሩን አንስቶ የሚጥል ሰው እንደ ተተከለ ቀረ። ወደ ጀርመን ስለመጣበት የባሕር ጉዞ ወይም ስለ መኖሪያ ወረቀቱ አንድም ነገር አልተናገረም። «አባቴ በቀይ ሽብር ጊዜ ጠባቂ ነበር» ብሎ ጀመረ፤ ለእኔ የነገረኝን ሁሉ ነገራቸው። የሳህኖቹን ስም ሳይቀር። ማንም አሜን አላለም።

ጋሽ ዘገየ ብዕራቸውን ይዘው ምንም አልጻፉም። «አባትህ በሕይወት አሉ?» አሉት።

«ሞቷል።»

«ንስሐ ገብተው ነበር?»

«አላውቅም። እስኪሞት ድረስ ግን ዳቦ ሳይሰነጥቅና ሳይጨምቅ በልቶ አያውቅም።»

ጋሽ ዘገየ መነጽራቸውን አወለቁ። «የሽማግሌዎች ጉባኤ ይመለከተዋል። ለጊዜው ይቆይ» አሉ። በእኛ ቤት ይቆይ የተባለ ነገር የት እንደሚቆይ አውቃለሁ፤ ባለፈው የተባለው የድምፅ ማጉያ እስካሁን አልተገዛም። ምንያህል ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ በሩ መሄድ ጀመረ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ እትዬ ሙሉወርቅ።

ምስክርነት ላይ ከሽማግሌዎች በቀር ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የለም። ጋሽ ዘገየ ደንቡን ሊያስታውሷቸው አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ፊታቸውን አይተው ተዉት። እትዬ ሙሉወርቅ የፊቱን ወንበር ተደግፈው ቆሙ።

«ሕሩይ ከሞተ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ምግብ አመላልሻለሁ» አሉ። «ሳህኑ ታጥቦ ይመለስልኝ ነበር። ዛሬም በልቷል እያልኩ ለእናቴ እነግራት ነበር። እሷም ደስ እያላት በማግሥቱ ቅቤ ትጨምርበታለች። መሞቱን ከሰማን በኋላ እናቴ ለውሻ ነው የደፉት፣ ያንን ሁሉ ለውሻ ነው የደፉት እያለች ነው ያለፈችው። እኔ አርባ ሰባት ዓመት አንድ ነገር ብቻ ነው ማወቅ የፈለግኩት። ማን በላው?»

ምንያህል ከበሩ ዞረ። «የእርስዎ አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ደሴ...»

«አውቃለሁ። የደሴውን ንገረኝ።»

«እኔ ነኝ የበላሁት» አለ። «እኔና ታናሽ እህቴ።»

«ስድስት ዓመትህ ነበር አልክ።»

«አዎ።»

«ጠግባችኋል?»

ያን ጊዜ አለቀሰ። «ጠግበናል» አለ።

እትዬ ሙሉወርቅ ወደ ወጥ ቤት ገብተው የራሳቸውን ሳህን ይዘው ወጡ፤ አልጫ ነበር፣ ቅቤው ከሩቅ ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አባትህን አላውቀውም፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም» አሉ። «አንተ ግን ና ቁጭ በል።»

ምንያህል ጋሽ ዘገየን አየ። ጋሽ ዘገየ አራት ዓመት ሙሉ እናታቸው ያመጡላቸውን ምግብ በሌላ ሰው እጅ ተሰንጥቆና ተጨምቆ የበሉ ሰው ናቸው። ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር አንስተው እስከ ጠረጴዛው ድረስ ራሳቸው ተሸክመው አመጡለት። እኔ መድረኩ ላይ የቀረውን ወረቀታቸውን አየሁ፤ ይቆይ የሚለው ተሰርዟል ብዬ አልዋሽም፤ ምንም አልተጻፈበትም ነበር።

ተቀመጠ። እንጀራውን አልሰነጠቀም፣ አልጨመቀም፤ ጠቅልሎ ጎረሰ። እስኪጨርስ ሌላ ማንም ሳህን አልከፈተም። ሲጨርስ ሳህኑን ይዞ ወደ ወጥ ቤት ሊሄድ ሲነሳ እትዬ ሙሉወርቅ እጁን ያዙት።

«እዚህ አይደለም። ቤትህ ወስደህ እጠበው» አሉት። ሳህኑን ገልብጠው ግርጌውን አሳዩት። «ስሜን አንዴ አንብበኸዋል። የበላኸው አንተ ነህ፤ እሁድ አንተው ራስህ ይዘህልኝ ና።»

ሀውስማይስተሩ ቁልፉን እያንሿሿ መጣ። ፊልሙ ላይ ምንያህል «ቅመሺ» ያለበትን ቦታ አልቆረጥኩትም፤ ሚልካ ትምህርት ቤት ይዛው ሄዳለች። ያን እሁድ እኔና ሚልካ ከባቡር ጣቢያው መድረክ ላይ ሆነን ወደ ኤርፖርት የሚሄደው የከተማ ባቡር፣ ኤስባን፣ ሲያልፍ ምንያህልን በመስኮት አየነው። የፍሎረሰንት የሥራ ሰደርያውን አውልቆ ሳህኑን ጠቅልሎበት ነበር። ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ እሱ ግን ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል።